ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰውዬ

በ1997 ዓ.ም. ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ከሰዓት ከሰዓት እሠራ ነበር። ዝናብ ሲጥል መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ መስመሩ ይጠፋል።

ሆምስታር ራነር የሚባለውን የኢንተርኔት ካርቱን ያገኘሁት እዚያ ነው። አንድ ተማሪ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ገጹን ሳይዘጋው ሄደ። የትግል ጭምብል ያጠለቀ፣ የቦክስ ጓንት ያደረገ ሰውዬ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የተላከለትን ኢሜይል ጮክ ብሎ ያነባል። ስሙ ስትሮንግ ባድ ነው። የፊደል ግድፈት ካገኘ ላኪውን አይለቀውም።

የእኔም ሥራ ግማሹ ይኸው ነበር። ቤይሩት ልጅ ያላቸው አንዲት እናት ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። ልጅቷ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፈው። አንዳንዱን ቃል ሦስቴ ካልሞከርኩት አይገባኝም። «እስቲ ድገመው ልጄ» ይሉኛል። እደግመዋለሁ።

ካርቱኑን የሚሠሩት ማት እና ማይክ ቻፕማን የሚባሉ አሜሪካዊ ወንድማማቾች ናቸው። ይሠሩበት የነበረው ፍላሽ የሚባል ፕሮግራም ሥዕሉን እንደ ፎቶ አይልክም። መስመሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ ምን ቀለም እንደሚቀባ ብቻ ይናገራል። የሚሥለው የእኛው ኮምፒውተር ነው። በዚያ ቀርፋፋ የስልክ መስመር ጅማ ድረስ የዘለቀው ለዚህ ነው። ከፍቼው ቡና ልጠጣ እወጣለሁ፤ ስመለስ ደርሷል።

በጃፓን ካርቱን አፍቃሪዎች ይቀልዳል፣ በጌም ይቀልዳል። እኔ የማልረሳው ግን የቫይረሱን ክፍል ነው። የስትሮንግ ባድ ኮምፒውተር ቫይረስ ይገባውና ሲቆጠር 423,827 ይሆናል። መጨረሻ ላይ ባብስ የሚባለው ባለኪዮስክ በጠመንጃ ይገላግለዋል።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በፍሎፒ ይዛ መጣች። ቫይረስ በልቶታል። እጇ ላይ የቀረው በእርሳስ የታረመ ወረቀት ብቻ ነው። እሷ እያነበበችልኝ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት እንደ አዲስ ጻፍነው። ስንጨርስ ያንን ክፍል ከፈትኩላት። ቁጥሩ ሲመጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ይህን የሠሩት ሰዎች ፋይል የጠፋበትን ሰው ያውቁታል፤ ቀልዳቸው የኖሩበት ነው። እስከ ዛሬ የምወዳቸው ለዚህ ነው።

የካርቱኑ ገጽ የተከፈተው ታህሳስ 22 ቀን 1992 ነበር። የፍላሽ ባለቤት የሆነው ኩባንያ አዶቢ ፍላሽን በቃኝ ያለው ደግሞ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በታህሳስ 22 ነው። ያን ጊዜ የራሴ ነገር የጠፋብኝ ያህል ከፍቶኝ ነበር። ደግነቱ ራፍል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የፍላሽ ሥራዎችን እንደገና ያጫውታል።

ባለፈው እሁድ ለእህቴ ልጅ በስልኬ አሳየኋት። ትንሽ አየችና፣ «አጎቴ፣ ለምንድነው የራሱን ኢሜይል ጮክ ብሎ የሚያነበው?» አለችኝ።

ስለ ሐሙሷ እናት ነገርኳት።