ሕግ ነው፣ ዝም ብለሽ ያዢው

ትናንት ማታ ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች። 6ኛ ክፍል ናት፤ በዓመቱ መጨረሻ ክልል አቀፍ ፈተና አለባት። «አባዬ፣ ቁጥር ለዜሮ አይካፈልም የሚሉት ለምንድን ነው?» አለችኝ። እኔ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ቀና እንኳን ሳልል «ሕግ ነው፣ ዝም ብለሽ ያዢው» አልኳት። «እሺ» ብላ ሄደች።

እሺ ባትል ይሻለኝ ነበር። አልጋ ውስጥ ገብቼ ስገላበጥ አመሸሁ። ምክንያቱም ይቺን አነጋገር ከየት እንዳመጣኋት አውቃለሁ። ጎጃም ውስጥ ካለችው ከብቸና ነው ያመጣኋት። 1995 ዓ.ም፣ 8ኛ ክፍል።

በእኛ ጊዜ የመጀመሪያ ደረጃ የሚያልቀው 8ኛ ላይ ነበር። ከ1 እስከ 8 ያለውን አንድ ላይ ያደረገው የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ነው። ከዚያ በፊት 6ኛ ላይ ነበር የሚያልቀው፤ አሁን ደግሞ ዞሮ ዞሮ 6ኛ ላይ ተመልሷል። የ8ኛ ክፍል ፈተናውን ያኔም የሚያወጣው ክልሉ ነበር። ሰዉ ግን በድሮ ስሙ «ሚኒስትሪ» ይለዋል። እናቴ እስከ ዛሬ ሚኒስትሪ ነው የምትለው። የልጅ ልጇንም «ሚኒስትሪ መቼ ነው?» ትላታለች፤ ልጅቷ ምን እንደተጠየቀች አይገባትም።

ክፍላችን ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ነበር። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። የሒሳብ መጽሐፍም ለሦስት አንድ ነው፤ በተራ ነው ወደ ቤት የምንወስደው። ዝናብ ሲጀምር ቆርቆሮው ስለሚጮህ መምህሩ ድምፁን ማባከን ይተውና ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። ጭቃውን ደግሞ የብቸና ሰው ይንገራችሁ። መረሬ ነው። ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ግን ያን የመሰለ ጤፍ የሚያበቅለው እሱው ስለሆነ ደፍሮ የሚያማው የለም።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ክፍሉ ግማሽ በግማሽ ባዶ ይሆናል። አጨዳ ነዋ። ስም ሲጠራ «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» እየተባለ ይታለፋል። መምህራኑም ብዙ አይቆጡም፤ አብዛኞቹ ራሳቸው የገበሬ ልጆች ናቸው።

እኔ የከተማ ልጅ ነበርኩ። ከዴስኩ መሀል ነው የምቀመጠው። ከቀኜ የሚቀመጠውን ልጅ ክፍሉ በሙሉ «መሪጌታ» ይለው ነበር። እውነተኛ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ልጅ ስል ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ከእኔ አራት አምስት ዓመት ይበልጣል፣ ጺሙ ማቀምቀም ጀምሮ ነበር። ከብቸና ብዙም በማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲማር ኖሮ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ትቶት መጥቶ ዘመናዊ ትምህርት ገባ። ለምን እንደተወው ጠይቄው አላውቅም። ከሁለት የገጠር ልጆች ጋር አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቅዳሜ ቤተሰብ ጋ ሄዶ፣ እሁድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ድርቆሽና በሶ ተሸክሞ ይመለሳል። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አይጠበቅም።

አንድ ቀን ለበዓል ቤታችን ወስጄው እናቴ አንቱ አለችው። የዲማ ተማሪ ነበር ስላልኳት ነው። አፍሮ አንገቱን ደፍቶ በላ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ሳቄን ስታገል ነበር። ለነገሩ ክፍል ውስጥም እንስቅበት ነበር። የቄስ ትምህርት ያው ሽምደዳ ነው፣ ይሄ ልጅ ከሽምደዳ ሌላ አያውቅም፣ ነበር የምንለው። እኔ አንደኛ ነበርኩ የምወጣው። ለሽምደዳ ያለኝ ንቀት አይጣል ነው።

ሒሳብ ላይ ቅንፍ ያለበት እኩልታ እየተማርን ነበር። ማይነስ 3 ሲባዛ በቅንፍ ውስጥ፣ ኤክስ ሲቀነስ 2፣ እኩል ይሆናል 12። መምህራችን ቅንፉን ሲፈታ ማይነስ 3 በማይነስ 2 ተባዝቶ ፕላስ 6 አለ። መሪጌታ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ፕላስ የሚሆነው ስለምን ነው?»

«ይሄንን 7ኛ ክፍል አልተማርክም እንዴ?»

«ተምሬያለሁ። ስለምን እንደሆነ ግን አልተነገረኝም።»

«ሕግ ነው፣ ዝም ብለህ ያዘው።»

ክፍሉ ሳቀ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም እኮ! ግን ያለማወቄ አንድም ቀን ከንክኖኝ አያውቅም። ማይነስ በማይነስ ፕላስ፣ አለቀ። በዚያው መቶ ከመቶ እያመጣሁ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። «አሁን ምን አንገበገበህ? ይዘኸው አትሄድም?» አልኩት። ያኔ ነው ስለ ቅኔ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝ። ንባቡም ዜማውም በቃል ይያዛል፣ እሱ ልክ ነው፣ ቅኔ ላይ ግን አይሠራም አለኝ። ተማሪው ሜዳ ወጥቶ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ራሱ ይደርሳል፣ ማታ ለየኔታ ይነግራል። የትናንቱን ዛሬ ይዞ ቢቀርብ አይቀበሉትም። የሰውም አይሆንም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ሁሉም አዲስ መሆን አለበት። አገባቡ ከተበላሸ የኔታ እዚያው ያፈርሱበታል፤ ስለምን እንደፈረሰም ይነግሩታል። «ሕግ ነው ብለው አያልፉም» አለኝ። ያለኝ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ግማሽ ግን በቂ ነበር፤ እዚያ ዛፍ ሥር ከነበርነው ሁለት ሰዎች ሸምዳጁ እኔ ነበርኩ። በእርግጥ ያኔ አላመንኩም። ደወል ተደወለ ብዬ ተነሣሁ።

በሳምንቱ ይመስለኛል፣ እንደገና እጁን አወጣ። መምህሩ ደከመው፣ ግን ፈቀደለት። መሪጌታ ቆመ።

«"የማያውቅ የለም" ብንል ምን ማለት ነው?»

«ሁሉም ያውቃል ማለት ነው» አለ መምህሩ።

«"የማያውቅ" አሉታ ነው። "የለም" አሉታ ነው። አሉታ በአሉታ ላይ ሲወድቅ አዎንታ ሆነ። ማይነሱም እንደዚያ ይሆን እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። መምህሩ ጠመኔውን በጣቶቹ መሀል እያሽከረከረ ትንሽ ቆየ። «ጎበዝ። ግን ይሄ አማርኛ ነው፣ የኛ ሒሳብ ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። እውነቱን ነው። በአማርኛ ሠራ ማለት በቁጥር ሠራ ማለት አይደለም። እኔ ግን የመሪጌታን ፊት አየሁት፤ አልተከፋም። መልስ ሳይሆን ጥያቄውን ትንሽ ወደፊት የገፋ ሰው ፊት ነበር።

በማግስቱ መምህራችን ገና እንደገባ ሰላም ሳይለን ሰሌዳውን ጠርጎ መጻፍ ጀመረ። 3 ሲባዛ በማይነስ 2፣ ማይነስ 6። ከሥሩ 2 ሲባዛ በማይነስ 2፣ ማይነስ 4። ከሥሩ 1 ሲባዛ በማይነስ 2፣ ማይነስ 2። ከሥሩ ዜሮ ሲባዛ በማይነስ 2፣ ዜሮ። ዞር አለ።

«ወደ ታች ስትወርዱ መልሱ በስንት በስንት እየጨመረ ነው?»

«በሁለት!»

«ከዜሮ ቀጥሎ ማን ይመጣል?»

«ማይነስ አንድ!»

«ታዲያ ማይነስ 1 ሲባዛ በማይነስ 2 ስንት ሊሆን ነው?»

ዝም። ከኋላ ወንበር አንዲት ድምፅ «ሁለት» አለች። ያቺ ልጅ በዓመቱ ውስጥ ስትናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «ምን ሁለት?» አላት። «ፕላስ ሁለት። በሁለት እየጨመረ ነው የመጣው።»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና እጁን አራገፈ። «እኔንም ሲያስተምሩኝ ሕግ ነው ብለው ነው ያስተማሩኝ» አለ። ወደ ዴስካችን አላየም። ግን ለማን እንደተናገረ የማያውቅ አልነበረም።

(የማያውቅ አልነበረም። አሁን ስጽፈው ነው ያየሁት።)

ሰኔ ላይ ተፈተንን። ስለ ፈተናው የማስታውሰው እርሳሴን ደጋግሜ መቅረጼን፣ የመልስ ወረቀቱን ክብ ሳጠቁር እጄ መንቀጥቀጡን፣ ዝናቡን። አንድም ጥያቄ አላስታውስም። እኔም አለፍኩ፣ መሪጌታም አለፈ፤ የኔ ውጤት ይበልጥ ነበር። 9ኛ ስንገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። ስለምን ብሎ ለመጠየቅም እንግሊዝኛ ያስፈልግ ነበር። መሪጌታ እጁን ማውጣት ተወ። ለገና ወደ ቤተሰቡ እንደሄደ አልተመለሰም። ሌላ ክፍል ስለተመደብን መቅረቱን ራሱ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ፈልጌም አላውቅ። እውነቱን መናገር ከሆነ፣ እስከ ትናንት ማታ ብዙም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የእህቴ ልጅ አሁን በዚያው አካባቢ ገጠር ውስጥ ነው። በክልላችን ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ 8ኛን ሳይጨርስ ዓመት አልፎበታል። በስልክ ሳናግረው «አጎቴ፣ ከብት ነው የምጠብቀው» ይለኛል። እሱ ስለምን ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስለት አላውቅም። ስለዚህ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ቁርሷን ስትበላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደብተሯን አመጣሁ። «6 ሲካፈል ለ2 ስንት ነው?» «ሦስት።» «በምን አወቅሽ?» «ሦስት ሲባዛ በሁለት ስድስት ነዋ።» «እሺ፣ 6 ሲካፈል ለዜሮስ? በዜሮ ሲባዛ 6 የሚሰጥሽን ቁጥር ፈልጊልኝ።»

ዳቦዋን አስቀምጣ አሰበች። አንድን ሞከረች። መቶን ሞከረች። «ሚሊዮንም አይሆንም» አለች። ከዚያ ዓይኗ በራ፤ «የለም! ስለሌለ ነው የማይካፈለው!»

ደስ አለኝ። ሻዬን አነሣሁ።

«አባዬ፣ ዜሮ ሲካፈል ለዜሮስ?»

«እ?»

«አንድ ይሆናል እኮ። አንድ ሲባዛ በዜሮ ዜሮ ነው።» ትንሽ ቆየችና፣ «ኧረ አምስትም ይሆናል። ሚሊዮንም ይሆናል። የቱ ነው ታዲያ?»

ውጭ ባጃጁ ክላክስ እያደረገ ነበር። «ማታ» አልኳት።