የዕቁቡ የመጨረሻ ዕጣ

ባለቤቴ ነርስ ናት፣ እኔ ሲቪል መሐንዲስ። በሙያችን ለካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ለማመልከት የወሰንን ቀን፣ ጅማ ሕርማታ ቤታችን ቡና ተፈልቶ፣ በልጄ ደብተር ጀርባ ወጪውን ጻፍነው። አቦሉ ሳያልቅ ገጹ ሞላ።

የማመልከቻው ክፍያ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከሱ በፊት የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፤ ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው። ዲግሪያችን ከካናዳው ጋር የሚመዘንበት ግምገማም አለ። ለጤና ምርመራ አራታችንም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን አዲስ አበባ አልጋ መያዝ አለብን። የቋሚ ነዋሪነት መብት ክፍያ ግን ለልጆች የለም። ተመስገን አልኩ።

የልጃችን የልደት ሰርተፍኬት ሲተረጎም አንድ ፊደል ተሳስቶ ድጋሚ ከፈልን። እባካችሁ፣ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

በጣም ያስደነገጠን ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ያ ሁሉ የቆጠብነው ግማሽ ሆነ። ባለቤቴ አለቀሰች፣ እኔም አልቻልኩም። አሁን ስንመድብ ከዕለቱ ምንዛሪ በላይ ጨምረን ነው።

ከዚያ የመቋቋሚያ ገንዘብ አለ፤ እዚያ ስንደርስ መኖሪያ የሚሆነን ማለት ነው። በባንክ መታየት አለበት፣ ብድር ደግሞ አይቆጠርም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም «እኔ ላበድራችሁ» ሲለን አመስግነን ተውነው። ዕቁብም ቀድሞ ከወጣ ያው ዕዳ ነው። ስለዚህ ዳኛውን ለምነን የመጨረሻውን ዕጣ ያዝን። ሲደርሰን የራሳችን ላብ ነው። አምስት ወር ቀርቶናል።