ወንዙም ሞላ፣ እኔም አረፈድኩ

ውድ ወዳጆቻችን፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! አገር ቤት ከቤተሰብ ጋር የምታከብሩ፣ በዋሽንግተንም በዱባይም ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ ወደ ፋሲካ ሌሊት ጸሎት የምትሄዱ ሁሉ፣ የበዓሉ ደስታ ቤታችሁን ይሙላው።

ዶሮው ሲበለት፣ ድፎው ሲጋገር ከገበታው የሚጎድሉ ልጆች አሉ። አጥቢያቸው ጸልዮ፣ እጅ ጭኖ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሐዋሳ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ደቡብ ኦሞ የላካቸው ወጣት ሚሽነሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ገና የመጀመሪያ ዓመታቸው ነው። በዚያ አገር ፋሲካ የሚውለው ዝናብ በሚጥልበት ወቅት ስለሆነ፣ የሕማማቱ ሳምንት ለአገልጋዩ ከባድ ሳምንት ነው። ዘንድሮ የበዓል መልእክታችን ስለዚያ ሳምንት ይሁን አልን። የምትጸልዩላቸው፣ የምትደግፏቸው እናንተ ናችሁና እንዴት እንደሚውሉ ብታውቁ እንወዳለን።

በሐመርና በበና አገር ሳምንት የሚቆጠረው በገበያ ነው። ሰኞ የቱርሚ፣ ሐሙስ የቀይ አፈር፣ ቅዳሜ የዲመካ። አዲስ የመጣ ልጅ ይህን ሳያውቅ ለገበያ ቀን የቤት ለቤት ጉብኝት ያቅድና መንደር ሲደርስ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ያገኛል። ያን ቀን ውሎው ገበያ መሆን ነበረበት። ለሩቅ መንደር መልእክት የሚላከው በገበያተኛ ነው። አስተርጓሚውም እዚያው ይገኛል፤ ጨውና ሳሙና ይገዛል፤ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። በዝናቡ ወቅት ደግሞ ማሽላ ስለሚዘራ ከንጋት እስከ ቀትር ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ወይ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሰው ቤቱ ሲገባ መሄድ ነው፣ ወይ በጠዋት ተነሥቶ አብሮ መቆፈር። እኛ ሁልጊዜ የምንመክረው ሁለተኛውን ነው። አንድ ጠዋት አብሯቸው ያረሰ ልጅ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጥ ቦታ ይለቀቅለታል። የቡና ገለባ ተፈልቶ በትልቅ ቅል ሲቀርብለት በሁለት እጁ ይቀበል፤ ትኩስ ነው፣ ቀስ ብሎ ይጠጣ። ስኳር የለውም ብሎ ማስቀመጥ ግን ሰውን ማሳዘን ነው።

ስለ አስተርጓሚ ጥቂት እንበል፤ የመጀመሪያ ዓመት አገልጋይ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። በአስተርጓሚ የሚነገር 40 ደቂቃ ስብከት የሰባኪው ድርሻ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። የ40 ደቂቃ ዝግጅት ይዞ የገባ ልጅ ሰዓቱን ሁለት እጥፍ ይወስዳል፤ እናቶች ለከብትና ለእሳት ሲሉ መሐል ላይ ይነሣሉ፤ እሱም «ሕዝቡ ልቡ ደነደነ» ብሎ ይጽፋል። ሕዝቡ ላም ሊያልብ ነው የሄደው! ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፣ አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ። ቅኔና የአማርኛ ተረት አይሻገርም። «ጸጋ»፣ «ኪዳን»፣ «ቤዛ» የሚሉትን ቃላት ከዋዜማው ከአስተርጓሚው ጋር ተቀምጦ፣ «ይህን በእናንተ ቋንቋ እንዴት ትለዋለህ? አሁን ደግሞ ያልከውን መልሰህ በአማርኛ ንገረኝ» ማለት ያስፈልጋል። ይህ አንድ ሰዓት ይወስዳል። መልሶ የሚነግረው ነገር አንዳንዴ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ «ቤዛ» ያልነው «ዕዳ» ሆኖ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የአስተርጓሚው አይደለም። ከዚያ ጎን ለጎን አገልጋዩ በቀን 5 ቃል ቢያጠና በ3 ወር 450 ቃል ይኖረዋል፤ በ450 ቃል ሰላምታ፣ ለቅሶ፣ ገበያና ጸሎት ይቻላል።

አሁን ወደ ወንዙ እንምጣ።

በቱርሚ አጠገብ እንዳለው ካስኬ ያሉ አሸዋማ ወንዞች አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ናቸው፤ ሰው በእግሩ፣ ሞተር ብስክሌትም በጎማው ይሻገራቸዋል። በዝናብ ወር ግን ወንዙ ዳር ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላይ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ድንገት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። የአገሩ ሰው ድምፁን ከሩቅ ይሰማና ከብቱን ያወጣል፤ እንግዳው አይሰማም። ደንቡ ቀላል ነው፦ ውሃው ደፍርሶ እንጨት ከያዘ፣ ወይም ከጉልበት ካለፈ፣ አትግባ። ቁጭ ብለህ ጠብቅ፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጎድላል። ቸኩሎ የገባ ሞተር መሐል ላይ ከጠፋ ደጋግሞ ማስነሣት ሞተሩን መስበር ነው፤ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላልና። ወደ ዳር ተገፍቶ ይወጣል፣ ካንዴላው ይፈታል፣ ፔዳሉ እየተረገጠ ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ እስኪወጣ ይጠበቃል፣ የአየር ማጣሪያው ተጨምቆ ይደርቃል፣ ዘይቱ ወተት መስሎ ከሆነ ሳይቀየር አይነሣም። መለዋወጫ ካንዴላ፣ የጎማ ማጣበቂያና የእጅ ፓምፕ በቦርሳው ያልያዘ ሰው ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄዳል።

እንግዲህ በሕማማቱ ረቡዕ እንዲህ ሆነ እንበል። አገልጋዩ ለአንድ መንደር ሽማግሌዎች «ጠዋት 2 ሰዓት እደርሳለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቷል። ማክሰኞ ማታ ስልኩን ቻርጅ ሳያደርግ ተኛ። የሚቀሰቅሰው አልነበረም፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነቃ። ወንዙ ዳር ሲደርስ 3 ሰዓት ሆኗል፣ ጎርፉም ወርዷል። ከቀትር በኋላ ሲሻገር ሽማግሌዎቹ ተበትነዋል፤ ሁለቱ ከሩቅ በረት ድረስ በእግራቸው የመጡ ነበሩ።

በዚያ ሳምንት ሪፖርት ላይ የሚጻፈውን እናውቀዋለን። «ጠላት በጎርፍ ተዋጋን» ይላል። እኛም የምናምን ሰዎች ነን፤ ጠላት እንዳለ፣ እንደሚዋጋም እናውቃለን። ነገር ግን ያልተሞላ ስልክ የጠላት ሥራ አይደለም። ሁሉንም ለሰይጣን የሰጠ አገልጋይ የሚያርመው ነገር አጣ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ረቡዕም ያው ይሆናል። የዚህኛው ተቃራኒም አለ፣ እሱም ልጆችን ሰብሯል፦ ሁሉንም በራሱ ላይ የሚጭን። ጎርፉንም፣ የሕፃኑንም ሞት፣ የሰውንም እምቢታ «እኔ ስለማልረባ ነው» ብሎ ይሸከምና በስድስተኛው ወር ሻንጣውን ያነሣል።

ስለዚህ ቅዳሜ ማታ፣ ፋኖሱ ሥር፣ ደብተሩ መሐሉ ላይ በመስመር ይከፈል እንላለን። በአንዱ ወገን «ከእጄ ውጭ የነበረው»፣ በሌላው ወገን «በእጄ የነበረው»። ያ ረቡዕ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል። ከእጄ ውጭ፦ 3 ሰዓት ላይ የወረደው ጎርፍ። በእጄ፦ ስልኩ፣ መርፈዴ፣ በዝናብ ወር ለጠዋት 2 ሰዓት ቃል መስጠቴ፣ ሰኞ ገበያ ላይ «ወንዙ ከሞላ ለማግሥቱ ይሁን» የሚል መልእክት አለመላኬ። አንድ በዚያ፣ አራት በዚህ። ደብተሩ ላይ ሲታይ ያማል፤ ነገር ግን አራቱም በሚቀጥለው ሳምንት ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

ከዚያ በኋላ መሄድና መናገር አለ። ለሽማግሌ ይቅርታ በስልክ ወይም በአስተርጓሚ አይላክም፣ በእግር ተሂዶ ነው። ተቀምጦ፣ ቡናው ከቀረበ በኋላ፦ «አባቶች፣ ረቡዕ ስትጠብቁኝ ዋላችሁ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን በጊዜ ብነሣ ኖሮ ሳይሞላ እሻገር ነበር። ያረፈድኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።» «ነገር ግን» የሚለው ቃል የት እንደገባ አስተውሉልን። ብዙ ሰው «አርፍጃለሁ፣ ነገር ግን ወንዙ ሞልቶ ነበር» ይላል፤ ያኛው ማመካኛ ነው።

ስለ ገንዘብም ይኸው ደብተር ይሠራል። ከአጥቢያው የሚላከው የአገልግሎት ገንዘብና የራሱ መተዳደሪያ በአንድ ኪስ አይቀመጡም። ለቤንዚን የወጣ በዚያው ቀን ይጻፋል፤ ደረሰኝ በሌለበት አገር የሻጩ ስም፣ ቀኑና የአንድ ምስክር ፊርማ ይበቃል። ከአገልግሎቱ ገንዘብ «እስከ ደመወዝ ድረስ» ብሎ 200 ብር የተበደረ ልጅ ብዙ ጊዜ ሌባ አይደለም፣ ርቦት ነው። መናገር ማፈሩ ግን ከ200 ብሩ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ለሰው የሚገባ ቃልም እንደ ብር ይቆጠር፦ «ልጅሽን አስተምርልሻለሁ» ከማለት በፊት ከላኪዎቹ ጋር ይነጋገር።

ስለ ጤናም አጭር ነገር። የመጠጥ ውሃ ይፈላል፣ ወይም በ20 ሊትር ጀሪካን ጥርት ያለ ውሃ ላይ አንድ ክዳን ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ ይጨመርና 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ለተቅማጥ አንድ ከረጢት ሕይወት አድን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፤ በማግሥቱ የተረፈው ይደፋል። ትኩሳት ከጀመረ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ሄዶ የወባ ምርመራ ነው። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ከታዘዘ ለአዋቂ 4 ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 ቀን፣ በድምሩ 24 ፍሬ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር። በሁለተኛው ቀን ሲሻለው የተረፈውን ለጎረቤት የሚያካፍል ደግ ልጅ አለ። ደግነቱ ሁለቱንም ሳያድን ይቀራል።

መሰናክል ለዚህ አገልግሎት አዲስ አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ወገኖቹ ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት በተደጋጋሚ ሞክሮ መንገዱ ተዘጋበት። ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ሆኖ ግን ከሥራ ባልደረባው ከአስቴር ጋኖ ጋር ቃላት እየሰበሰበ መተርጎሙን ቀጠለ፤ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ወለጋ ነቀምቴ የገባው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። መንገዱን የዘጋው እሱ አልነበረም፤ የጥበቃውን ዓመታት የሞላው ግን እሱ ነው። በወላይታም የውጭ ሚሽነሪዎች በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 እ.ኤ.አ. ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ሲመለሱ ሺዎች ሆነው አገኟቸው፤ የወላይታ ወንጌላውያንም ከዚያ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ በእግራቸው ወጥተዋል። ዛሬ ሐመር ላይ ያለው ልጅ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ነው።

ዓርብ ስቅለት ነው። በዚያ ሌሊት እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ «አላውቀውም» ያለው ጴጥሮስ የሚያመካኝበት አላጣም ነበር፤ ወታደሮቹም፣ ጨለማውም፣ ፍርሃቱም ነበሩ። እሱ ግን ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። እሑድ ማለዳ መልአኩ ለሴቶቹ ሲናገር ደቀ መዛሙርቱን ካለ በኋላ ጴጥሮስን በስሙ ጠራው። ይህን በየዓመቱ ስንሰማው አዲስ ይሆንብናል። በደብተሩ በቀኝ በኩል አራት ነገር ጽፎ ቅዳሜ ማታ አንገቱን ለደፋ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ የፋሲካ ስብከት አናውቅም።

ለእናንተም ልመና አለን፤ ላኪውም የራሱ ደብተር አለውና። በጥር ቃል የተገባለት ድጋፍ በመጋቢት ሲደርስ በመካከሉ አንድ ሰው በቀን አንድ ጊዜ በልቷል። ውጭ አገር ያላችሁ ስትልኩ በአጥቢያው ሒሳብ፣ በደረሰኝ፣ በታወቀ ቀን ይሁን፤ ትንሽም ቢሆን በቀኑ የደረሰ ይሻላል። ስትደውሉ «ስንት ሰው አመነ?» አትበሉት። ይህ ጥያቄ ልጆችን ቁጥር እንዲያሳምሩ አድርጓል። «ውሃ ከየት ነው የምትቀዳው? ማን ነው አብሮህ የሚበላው? የትኛውን ቃል ዛሬ ተማርክ?» በሉት። ሴት አገልጋይ ከሆነች «ማታ ብቻሽን ነው የምታድሪው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ ያን ቀን ለአጥቢያው መሪዎች ንገሩ። መንገደኛ ካገኛችሁ ካንዴላ፣ የጎማ ማጣበቂያ፣ የግንባር ባትሪና ግማሽ ኪሎ ቡና ላኩ።

በፋሲካ ማግሥት ሰኞ የቱርሚ ገበያ ነው። ልጆቹ ከየመንደሩ ወጥተው ኔትወርክ ያለበት ይደርሳሉ፤ ስልካቸውም ክፍት ይሆናል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ደውሉላቸው፤ የበዓሉን ሰላምታ ከእናንተ አፍ ይስሙ።

መልካም የትንሣኤ በዓል!