ሪአክተሩ ቪየና፣ መዝገቡ ሱሉልታ

የኑክሌር ሪአክተር ላይ እንደሠለጠንኩ ስናገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አይፈነዳም እንዴ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራበታለህ?» ይለኛል። ለሁለቱም መልስ አለኝ። የሁለተኛው ግን ረዘም ይላል።

የፊዚክስ ተመራቂ ነኝ። ሪአክተር ከሌላቸው አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች በሚሰጥ የ6 ሳምንት ሥልጠና የመካፈል ዕድል አግኝቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍነው በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሪአክተር ላይ ነው። ትራይጋ ማርክ 2 ይባላል፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1962 ነው። ጉልበቱ 250 ኪሎዋት ነው። ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ሥራው ኒውትሮን የሚባሉትን የአቶም ቅንጣቶች መስጠት ነው፤ ተማሪ ይማርበታል፣ ናሙና ይመረመርበታል። «ይሄ ለአፍሪካ አይሆንም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ኪንሻሳ እ.ኤ.አ. በ1959 እንደጀመረች፣ ጋና አክራ ዳርቻ ላይ፣ ናይጄሪያም ዛሪያ ላይ 30 ኪሎዋት ገደማ ያላቸው ትንንሽ ሪአክተሮች እንዳሏቸው እነግረዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ወደ ገንዳው ከመውጣታችን በፊት ኪሳችሁን አራግፉ ተባልን። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ እስክሪብቶ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። መነጽር ያደረገ በክር አሰረው። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቆመን ቁልቁል አየን። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ የሌለ ይመስላል። 5 ሜትር ያህል ወደታች፣ ነዳጁ ዙሪያ፣ ሰማያዊ ብርሃን ጸጥ ብሎ ይታያል። በእኛና በነዳጁ መካከል ያለው ውሃ ብቻ ነበር። ጨረሩን የሚያስቀረውም፣ ሙቀቱን የሚወስደውም እሱ ነው።

ኮንሶሉ፣ ማለትም መቆጣጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ እጄን አልቦኝ ነበር። ሥራው ግን ከጠበቅኩት በላይ ትዕግሥት ነው። ኒውትሮን የሚውጠውን የመቆጣጠሪያ ዘንግ ትንሽ ከፍ ታደርጋለህ፤ ትጠብቃለህ። የኒውትሮን ቆጠራው ይወጣና ይረጋል። እንደገና ትንሽ፤ እንደገና ትጠብቃለህ። በመጨረሻ ዘንጉን ካቆምኩ በኋላም ቁጥሩ ሳይረጋ በዝግታ መውጣቱን ቀጠለ፤ የኑክሌር ምላሹ ራሱን ችሎ መቀጠል ጀምሯል ማለት ነው። አሠልጣኛችን ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። የሰው እጅ ይህን ሊቆጣጠር የቻለው ከ100 ኒውትሮን አንድ እንኳ የማይሞሉት ከሌሎቹ በሰከንዶች ዘግይተው ስለሚወጡ ነው። እነዚያ ጥቂት ዘግይተው የሚመጡ ባይኖሩ ማንም አይደርስበትም ነበር። ስለ ፍንዳታው ለሚጠይቁኝም መልሴ ይኸው ነው፤ በተለይ የትራይጋ ነዳጅ ዩራኒየምና ዚርኮኒየም ሃይድራይድ አብረው የተሠሩበት ስለሆነ፣ ሲሞቅ ራሱ የኑክሌር ምላሹን ያበርደዋል።

ጉልበት መጨመርና መቀነስ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ይህን ያወቅኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጥገና ማለት በአብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ ጨው ካለ የነዳጁን ሽፋን ይበላዋል፤ ቆሻሻው ራሱም በኒውትሮን ተመትቶ ጨረር የሚሰጥ ይሆናል። ስለዚህ ውሃው ሬዚን፣ ማለትም ጨው የሚይዙ ትንንሽ እንክብሎች ባሉበት ዓምድ ውስጥ እየዞረ ይጣራል፤ ኮንዳክቲቪቲው (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፤ ጨው ሲበዛ ይጨምራል) በየቀኑ ይለካል። ለብዙ ትራይጋዎች ገደቡ 5 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ነው። አንድ ቀን ልኬቱን አይቼ መዝገቡ ላይ «ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። አሠልጣኙ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰረዘው። «ቁጥሩን ጻፍ። ደህና መሆኑን የሚወስነው ነገ የሚያነበው ሰው ነው» አለኝ።

አገሬ ስመለስ ሪአክተር አልጠበቀኝም። ሥራ ያገኘሁት ሱሉልታ፣ ለላብራቶሪና ለባትሪ የሚሆን ንጹህ ውሃ የሚያመርት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። በሩን ከፍቼ ስገባ ያው ሬዚን፣ ያው ፓምፕ፣ ያው ኮንዳክቲቪቲ ሜትር። ደስ አለኝ። መዝገቡን ስከፍት ግን ከላይ እስከ ታች «ደህና»፣ «ደህና»፣ «ደህና» ይላል።

የሚያሳዝነኝ እኔም ወዲያው አለመለወጤ ነው። አዲስ ሰው ሆኜ ላስቸግራቸው አልፈለግኩም። ሁለት ወር ሙሉ «ደህና» እያልኩ ፈረምኩ። ከዚያ አንድ ደንበኛ ላብራቶሪ ደወለ፤ ውሃችሁ ምርመራ እያበላሸብን ነው አለ። ሬዚኑ አልቆ ኖሯል። መቼ ማለቅ እንደጀመረ ለማወቅ መዝገቡን ገለጥኩ። ምንም አይናገርም። የኔ ፊርማ ግን አለበት።

በማግስቱ በየ2 ሰዓቱ ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። አጠገቡም የውሃውን ሙቀት፤ ውሃ ሲሞቅ ኮንዳክቲቪቲው ስለሚጨምር የሱሉልታ ጠዋትና ቀትር አንድ አይደሉም። ቁጥሮቹን ካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጬ በመስመር ሳገናኛቸው ማንም ያላሰበው ነገር ታየ። ለላብራቶሪ የምንሸጠው ከ1 ማይክሮሲመንስ በታች መሆን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ 0.3 ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ለጥቂት ደቂቃ ወደላይ ይዘላል። ፓምፑ ሲቆም ሬዚኑ ውስጥ ተኝቶ የቆየው ውሃ የተያዘውን ጨው መልሶ ይቀበላል። እኛ ደግሞ መብራት በመጣ ቁጥር ያንን ውሃ ቀጥታ ወደ ሮቶው ስንለቅ ነበር የኖርነው። አሁን ቁጥሩ እስኪወርድ የመጀመሪያውን ውሃ እንጥላለን። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚደፋው ውሃ አንገበገባቸው። ወረቀቱን ሳሳያቸው ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከባዱ ሌላ ነበር። ቪየና አንድ ሰው ቫልቭ ሲነካ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሌላው አይቶ ይደግምለታል። እዚህ ሬዚኑን የምናድሰው በሃይድሮክሎሪክ አሲድና በኮስቲክ ሶዳ ነው። ቫልቭ ከተሳሳትክ አሲዱ የተጣራው ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ሰውም ሊያቃጥል ይችላል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን የፓምፕ ሠራተኛ እኛም ቫልቮቹን ጮክ ብለን እንጥራ ብዬ ለመንኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የዘጋሁትን ቫልቭ ዛሬ ልዘምርለት?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ግን እሺ አሉ፤ ለኔ ብለው ነው።

ሦስተኛው እድሳት ላይ ነው። አመሻሽ ነበር፣ ደክሞኛል። «ቁጥር ሦስትን እየዘጋሁ ነው» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ አልደገሙልኝም። ቀና ስል እጄን እያዩ ነው። «የያዝከው አራት ነው» አሉ በቀስታ። እውነትም አራት ነው። እጄን አነሳሁ። ለአፍታ ሁለታችንም አልተናገርንም። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሳይጠሩ የሚዘጉት ቫልቭ የለም፤ አዲስ ልጅ ሲቀጠርም የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።

ያመጣሁት ሁሉ አልሠራም። ረጅም ቼክሊስት አዘጋጅቼ ነበር፤ 40 መስመር። ሳይነበብ ምልክት ይደረግበት ጀመር። ወደ 9 መስመር አወረድኩት፤ አሁን ይነበባል። እስክሪብቶ መዝገቡ ላይ በሲባጎ ማሰሩ ግን ከሁሉም ቀላሉና ከሁሉም የጠቀመን ነው። ድሮ «እስክሪብቶ አጣሁ» ተብሎ ስንት ሰዓት ባዶ ያልፍ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የማታ ፈረቃው ልጅ ነው። መብራት ሄዶ መመለሱ ነበር።

«ኢንጂነር፣ 1.8 ላይ ነው፤ እየጣልኩት ነው» አለኝ።

«ሙቀቱስ?»

«14። ጽፌዋለሁ።»

ስልኩን ሳይዘጋ ጠበቅን። ከጀርባው ውሃው ወደ ቦዩ ሲወርድ ይሰማኛል። «1.1» አለ። ቆይቶ «0.7»። ቆይቶ «0.4፤ አሁን ወደ ሮቶው ልልቀቀው?»