ጋቢ የለበሰው አሳ

አርባ ምንጭ ሄዶ ያለ አሳ መመለስ ከዘመድ ያጣላል። ገና ሳንነሳ "ፊሌ እንዳትረሱ" ተብለናል። የጫሞ ሐይቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ማግኘቱ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፤ እስከ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ቆላ ነው።

ስለ ጉብኝቱ ብዙ አልልም። አዞ አየን፣ ምንጮቹን አየን፣ በላን። ሌሊቱን ግን ሳላወራ አላልፍም። አሳው የሆቴሉ ፍሪዘር ውስጥ ገብቷል። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሄደ። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል ብርዱን እንደሚይዝ አውቃለሁ። ማወቅ ግን እንቅልፍ አያመጣም። ወርጄ ዘበኛውን "ጄኔሬተር የለም እንዴ?" አልኩት። "ጌታዬ፣ አሳው ተኝቷል፤ እርስዎም ይተኙ" አለኝ።

ጠዋት ሂሳብ ላይ "የፍሪዘር አገልግሎት 300 ብር" የሚል ተጨምሯል። መብራት የጠፋበት ሰዓት አልተቀነሰም! እኔ ሰፈር ጎረቤት የሥጋ ፌስታሌን ወር ሙሉ አስቀምጦልኝ ያውቃል፤ የጠየቀኝ ቡና ብቻ ነው። ከፈልኩ፤ ግን እስከ ሶዶ አጉረመረምኩ።

አይስ ቦክሱን ያሸግኩት እኔ ነኝ። በረዶ የሆኑ ሃይላንዶች ከታች፣ አሳው በድርብ ፌስታል መሃል ላይ፣ ከላይ ደግሞ ሌሎች ሃይላንዶች። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ የላዩ በረዶ ዋና ነው። ባዶ ቦታውን በጋዜጣ ጠቀጠቅኩት። የተከሰከሰ በረዶ አልፈልግም፤ ሲቀልጥ አሳውን ያጥበዋል። የሃይላንዱ ውሃ ግን ቢቀልጥም ይጠጣል።

ሣጥኑን ከሾፌሩ ጀርባ አስቀመጥኩ። ወደ ሰሜን ስለምንሄድ የጠዋት ፀሐይ በቀኝ ነው የምትገባው። ከዚያ አብረውን የሚጓዙትን የጓደኛዬን እናት ጋቢ ለመንኳቸው።

"ልጄ፣ በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርበህለት ልትቀቅለው ነው?" አሉኝ።

ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም። ሰው ላይ ሲሆን የሰውነት ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል፤ ሣጥን ላይ ሲሆን የውጪው ሙቀት እንዳይገባ ይከለክላል። አስረዳኋቸው። ጋቢውን ሰጡኝ፣ ግን እንዳላመኑኝ ፊታቸው ይናገራል።

ምዕራብ አባያ ላይ ማንጎ ልንገዛ ቆምን። ጓደኛዬ የሞቀ አምቦ ውሃ ይዞ ወደ ሣጥኑ መጣ። "ትንሽ ትቀዝቅዝልኝ" ይላል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሙቅ አየር ይገባል። ሙቅ ጠርሙስ መጨመር ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ በረዶው አሳውን ትቶ አምቦ ሲያበርድ ይውላል። አልከፍትም አልኩ። እስከ ሁምቦ አላናገረኝም።

ሶዶ ወይና ደጋ ነው፣ ነፍሳችን መለስ አለች። እስከ ሆሳዕና ተኛሁ።

ሆሳዕና ምሳ በልተን አንድ ጭማቂ ቤት ገባን። የላዮቹ ሃይላንዶች ግማሽ ቀልጠው ነበር። ባለቤቷን በረዶ ትሸጥልን እንደሆነ ጠየቅኳት። ከፍሪዘሯ ድርቅ ያሉ ሃይላንዶች አውጥታ በእኛዎቹ ቀየረችልን። ገንዘብ ስዘረጋ "እናታችሁን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት፤ ተወው" አለችኝ። ጭማቂውን አስከፈለችን፣ እሱም 60 ብር ነው። ለሆቴሉ ይህን ብነግረው ደስ ባለኝ። ፀሐይዋ ወደ ግራ ዞራ ስለነበር ሣጥኑንም ወደ ቀኝ አዞርኩት።

ከቡታጅራ በኋላ መንገዱ ጥሩ ነው። ዓለም ገና ስንደርስ ግን መኪናው ሁሉ ቆሟል። ቀኑን ሙሉ የተረፈ አሳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሊበላሽ ነው ብዬ በየአምስት ደቂቃው ጋቢውን ስነካ፣ እናታችን "ታሞ ነው እንዴ?" አሉ።

ማታ ሲከፈት የመሃሉ ድንጋይ ነው። ጥግ ላይ የነበሩት ለስለስ ብለዋል፣ ግን በረዷቸው ገና በጣት ይታወቃል። እነዚያን ያንኑ ማታ ጠበስናቸው፤ ሌላው ተከፋፍሎ ፍሪዘር ገባ። ጋቢው አሳ አሳ ስለሸተተ ላውንደሪ ከፋይ እኔ ሆኛለሁ። ሂሳቡን ጠይቄያለሁ፤ ከሆቴሉ ፍሪዘር ይረክሳል።