ፖሊሳካራይዱ ነው ወይስ አብሮት የመጣው?

ከመድኃኒት ዕፅዋት ፖሊሳካራይድ፣ ማለትም ከብዙ ስኳሮች የተያያዘ ረጅም ሰንሰለት፣ ማውጣት የዘወትር ሥራዬ ነው። የደረቀውና የተፈጨው ሥር ወይም ቅጠል መጀመሪያ በአልኮል ይታጠባል፤ ቅባቱ፣ አብዛኛው ቀለሙና ጥቃቅን ስኳሮቹ በዚያ ይወጣሉ። ከዚያ በሙቅ ውኃ ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ይጣራል፣ ፈሳሹ እንዲተን ተደርጎ መጠኑ ይቀንሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ስንት ጊዜ ባየውም አይሰለቸኝም። በቀዘቀዘው ቡናማ ፈሳሽ ላይ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ኢታኖል ቀስ እያልኩ ስጨምር፣ ጥርት ብሎ የነበረው ይደፈርሳል። በመጀመሪያ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይታያል፤ ከዚያ ነጫጭ ክሮች ይሆናል፤ ክሮቹም ተያይዘው ወደ ታች ይሰምጣሉ። ረጃጅሞቹን የስኳር ሰንሰለቶች አሟሙቶ የያዛቸው ውኃ ነበር፤ አልኮሉ ውኃውን ሲሻማቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አድረው በሴንትሪፊዩጅ ተለይተው ሲደርቁ ዱቄት እናገኛለን።

ብዙ ጥናቶች «ፖሊሳካራይድ» ብለው የሚመዝኑት ይህንኑ ዱቄት ነው። በውስጡ ግን ፕሮቲን አለ፣ ፖሊፌኖል የተባሉ የዕፅዋት ውሁዶች አሉ፣ ማዕድን አለ። ዱቄቱ ኦክሳይድ መሆንን ይከላከላል፣ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትንም ያነቃቃል ሲባል፣ የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሥራውን የሠራው ማን ነው?

የአንቲኦክሲደንቱን፣ ማለትም ኦክሳይድ መሆንን የመከላከሉን ነገር እንየው። የተለመደው ምርመራ ዲፒፒኤች የሚባል ሐምራዊ ፍሪ ራዲካል (ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያለው ሞለኪውል) ይጠቀማል። ናሙናው ኤሌክትሮን ወይም ሃይድሮጅን ሲሰጠው ሐምራዊነቱ ይደበዝዝና ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ መሣሪያው ለውጡን በ517 ናኖሜትር ያነባል። ርካሽና ፈጣን በመሆኑ ሁሉም ይወደዋል። ሆኖም ዲፒፒኤች የሚሟሟው በአልኮል ነው። ፖሊሳካራይድን ደግሞ ከውኃ ያወጣነው አልኮል ጨምረን መሆኑን አሁን ተናግሬያለሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ቱቦው ሊደፈርስ ይችላል፣ ድፍርሱም ብርሃን ስለሚበትን ንባቡን ያዛባል። በዚያ ላይ በስኳር ቀለበት ላይ ያሉት ሃይድሮክሲሎች (የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥምሮች) እንደ ፖሊፌኖሎቹ ሃይድሮጅናቸውን በቀላሉ አይሰጡም። ፌሩሊክ አሲድን የመሳሰሉ ፌኖሎች ከፖሊሳካራይዱ ሰንሰለት ጋር በኬሚካል ተሳስረው ሊመጡ ይችላሉ፤ የመነሻው የአልኮል እጥበትም አያወጣቸውም። ዱቄቱን ደጋግሜ ባጸዳሁት ቁጥር የአንቲኦክሲደንት ኃይሉ ሲቀንስ የማየው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ ማለት ፖሊሳካራይዱ ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። ጋላክቱሮኒክ አሲድ የተባለ አሲዳማ ስኳር የበዛባቸው ፔክቲኖች፣ የዕፅዋት ሕዋስ ግድግዳ ፖሊሳካራይዶች፣ ብረትን ይይዛሉ፣ ብረት ሲያዝ ደግሞ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አደገኛውን ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚፈጥረው ሂደት ይዳከማል። ይህ እውነተኛ ጠባይ ነው፤ በዲፒፒኤች ግን አይለካም።

በሙከራ ቱቦ የታየው በሰው ላይ እንደማይደገም የሚያሳየው ከባድ ማስረጃ ከሌላ አንቲኦክሲደንት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታተመው የፊንላንድ ጥናት 29,133 አጫሽ ወንዶችን አካትቶ ነበር። ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ዘንድ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን የሚያውቅ ሰው በአንድ የቀለም ለውጥ ብቻ ለጤና ተስፋ ሲሰጥ ማየት ያሳዝነኛል።

ከዚህ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ የበሽታ መከላከያው ጉዳይ ነው። የተለመደው ሙከራ እንዲህ ነው፦ ዱቄቱ ማክሮፌጅ በሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ላይ ይጨመራል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድና የማንቂያ ፕሮቲኖች ከጨመሩ «በሽታ የመከላከል አቅምን ያጎለብታል» ይባላል። ነገር ግን በሥርና በቅጠል ላይ ባክቴሪያ ይኖራል። ግራም ኔጌቲቭ የተባለው የባክቴሪያ ወገን ቅርፊቱ ላይ ሊፖፖሊሳካራይድ፣ ኢንዶቶክሲንም የሚባል ስብና ስኳር የተጣመሩበት ሞለኪውል፣ አለው፤ ይህም እስካሁን ከሚታወቁት የማክሮፌጅ ቀስቃሾች ሁሉ ኃይለኞች ከሚባሉት ነው። በውኃ ይሟሟል፣ መቀቀል አያጠፋውም፣ በኢታኖልም አብሮ ይዘቅጣል። እኛ ፖሊሳካራይዱን በምናወጣበት መንገድ እሱም ይወጣል ማለት ነው።

ስሌቱን እንሥራው። በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ዱቄት ለሕዋሳቱ ቢሰጥና ከዚያ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ብቻ ሊፖፖሊሳካራይድ ቢሆን፣ 10 ናኖግራም ይሆናል። ይህ ማክሮፌጆችን ለማስነሳት በቂ ነው። ሕዋሳቱ ሊፖፖሊሳካራይድን የሚለዩት ቲኤልአር 4 በተባለ ተቀባይ መሆኑን የብሩስ ቦይትለር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 አሳይቷል፤ ቦይትለርም በ2011 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ስለዚህ «የእኛ ተክል ፖሊሳካራይድ በቲኤልአር 4 በኩል ይሠራል» የሚል ጽሑፍ ሳነብ፣ ወዲያው የኢንዶቶክሲን ምርመራውን እፈልጋለሁ። ከፈረስ ኮቴ ሸርጣን ደም የሚዘጋጀው ምርመራ አለ፣ ሊፖፖሊሳካራይድን የሚያስረው ፖሊሚክሲን ቢ የተባለ አንቲባዮቲክም አለ። ሁለቱም ካልተጠቀሱ ጽሑፉን አላምነውም።

በጥንቃቄ ሲሠራ ምን እንደሚገኝ ግን ሌንቲናን ይመሰክራል። ሺታኬ ከተባለው እንጉዳይ የሚወጣ፣ ቤታ ግሉካን ከተባለው የፖሊሳካራይድ ወገን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የጃፓን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ዕጢን እንደሚገታ ዘገቡ። አወቃቀሩ ተለየ፣ ተጣራ፣ ከዓመታት በኋላም ጃፓን ውስጥ ለጨጓራ ካንሰር ሕክምና ከኬሞቴራፒ ጋር በመርፌ መሰጠት ጀመረ። እንጉዳይ ተክል አይደለም፤ ቢሆንም የዕፅዋቱ ፖሊሳካራይድም ሊሄድበት የሚገባው መንገድ ይኸው ነው።

በመርፌ የሚሰጠውና የሚዋጠው ደግሞ አንድ አይደሉም። ከስታርች በስተቀር አብዛኞቹን የዕፅዋት ፖሊሳካራይዶች የሚፈጭ ኢንዛይም የለንም። ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፣ በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት ወደተባሉ ጥቃቅን አሲዶች ይለውጧቸዋል። ቡቲሬት ለአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና የኃይል ምንጭ ሲሆን፣ የመከላከያ ሥርዓቱን በማረጋጋትም ይታወቃል። የሚዋጠው ዱቄት ለጤና የሚረዳ ከሆነ፣ በዚህ መንገድ ይረዳል ብዬ እገምታለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የሰው አካል ተተክሎላቸው የመከላከያ ሥርዓታቸውን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም እነዚህን ዱቄቶች ስለሚገዙ ነው። ለእነሱ «ያጎለብታል» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ ሰውነታቸው የተተከለውን ኩላሊት አጥቅቶ ሊጥለው ይችላል። ሉፐስ ወይም ሌላ የመከላከያ ሥርዓቱ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም ያለበትም እንዲሁ፣ ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።