በአንድ ስፔሰር ቦታ ሦስት ሮንዴላ

ከዋሽንግተን ዲሲ ማዶ፣ በቨርጂኒያ በሚገኝ አነስተኛ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን በያዝኩበት የጸደይ ወራት፣ አንድ ደንበኛ የ1996 ሆንዳ ሲቢአር 600 ኤፍ 3 ይዞ መጣ። ሞተር ሳይክሉ ቀደም ሲል በጎኑ ወድቆ ስለነበር፣ ባለቤቱ ሙሉ ፌሪንግ፣ ማለትም ከፊት መብራቱ ጀምሮ ግራና ቀኙን የሚሸፍነውን የፕላስቲክ ልባስ፣ ከሌላ አምራች ገዝቶ በካርቶን አምጥቷል። የተሰበረው የድሮው ልባስ ግን አብሮ አልመጣም፤ ባለቤቱ ጥሎት ነበር። እኔም ነገሩን እንደ ቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

እንዲህ ያሉ ልባሶች ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ባዶ ፕላስቲክ ሆነው ነው። በየቀዳዳው የሚገቡት ጎሚኒዎች፣ ማለትም ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች፣ እና በጎሚኒዎቹ መሐል የሚያልፉት አጫጭር የብረት ቱቦዎች፣ እኛ ስፔሰር የምንላቸው፣ ከአሮጌው ተነቅለው ወደ አዲሱ መዛወር አለባቸው። ደንበኛው በላስቲክ ከረጢት ካመጣቸው ጥቃቅን ዕቃዎች መካከል ለስምንት ቀዳዳ የሚሆን ጎሚኒ ስናገኝ፣ ስፔሰሩ ግን አምስት ብቻ ነበር። ለቀሩት ሦስት ቀዳዳዎች ከመደርደሪያ ሮንዴላ፣ ማለትም ብሎን የሚያልፍበት ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት፣ አነሳሁና በእያንዳንዱ ጎሚኒ ውስጥ ሦስት ሦስት ደራርቤ ብሎኑን አጠበቅኩት። ብሎኖቹ እንዳይላሉ ብዬም ጥርሳቸው ላይ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አደረግሁ። ሲታይ የሚያምር ሥራ ነበር፤ እኔም ተመጻድቄበታለሁ።

ደንበኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ፍጥነት ሲጨምር ከፊት በኩል የሚያንዘፈዝፍ ድምፅ እንደሚሰማ ነገረን። ልባሱን ቀረብ ብለን ስናየው ከብሎኖቹ ራስ ሥር የጀመሩ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑ ስንጥቆች አገኘን። የጋራዡ ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መካኒክ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ጋሼ፣ ፕላስቲኩ እኮ ርካሽ ነው፤ የፋብሪካው ቢሆን ኖሮ አይሰነጠቅም ነበር» አልኳቸው።

«ይሁን እሺ፣ ርካሽ ነው። ስምንት ቀዳዳ እያለው ታዲያ ለምን ሦስቱን ብቻ መርጦ ተሰነጠቀ?»

መልስ አልነበረኝም። ካቻቢቴውንና ቁልፉን ተቀብለው አንዱን ብሎን ራሳቸው ፈቱና ሮንዴላዎቹን መዳፋቸው ላይ ዘረገፏቸው። ከዚያ ካሊፐር የተባለውን የውፍረት መለኪያ አስመጥተው ሦስት ነገር አስለኩኝ። ያልተጨመቀ ጎሚኒ ውፍረቱ 8.5 ሚሊሜትር ነበር። ከአምስቱ ደህና ስፔሰሮች የአንዱ ርዝመት 8 ሚሊሜትር ሆነ። ሮንዴላው እያንዳንዱ 1.6 ሚሊሜትር ስለሆነ ሦስቱ ተደራርበው 4.8 ሚሊሜትር ብቻ መጡ። የጎደለውን ከሦስት ሚሊሜትር በላይ የሞላሁት ጎሚኒውን በመጨፍለቅና ፕላስቲኩን ወደ ውስጥ በማጉበጥ ነበር ማለት ነው።

ጎሚኒው ዙሪያውን ባለው ቦይ የፕላስቲኩን ጠርዝ ይይዛል፤ ስፔሰሩ በጎሚኒው መሐል ያልፋል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የስፔሰሩ ጫፍ ልባሱ የሚታሰርበትን ብረት ይነካና ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ብሎኑ ጉልበቱን የሚያሳርፈው ብረት በብረት ላይ ስለሆነ፣ ፕላስቲኩ በግማሽ ሚሊሜትር ያህል በተጨመቀው ጎሚኒ ላይ ተንጠልጥሎ ንዝረቱን ሳይቀበል ይኖራል። ስፔሰሩ ከሚገባው በላይ ከረዘመ ልባሱ ይንቀጫቀጫል፤ ካጠረ ደግሞ የብሎኑ ጉልበት በሙሉ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ለ6 ሚሊሜትር ብሎን የተለመደው የ10 ኒውተን ሜትር ማጥበቂያ ለብረት ምንም አይደለም፤ ለፕላስቲክ ግን ብዙ ነው።

ማጣበቂያውን ሲያዩ ጋሼ የባሰ ተቆጡ። አብዛኛው ፌሪንግ የሚሠራበት ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ የብሎን ማጣበቂያ ሲነካው፣ በተለይ በውጥረት ላይ እያለ፣ ከውስጥ እየተሰባበረ ይሄዳል። እኔ በአንድ እጄ ወጥሬው በሌላው መርዙን አጠጥቼዋለሁ። የፍሬን ዘይትም ፕላስቲክና ቀለም እንደሚጎዳ አውቅ ነበር፤ ማጣበቂያውን ግን ከዚያ ወገን ቆጥሬው አላውቅም።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ጋሼ ኢንጅኑን አስነስተው ማኑብሪውን (መሪውን) ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሲያዞሩት የኢንጅኑ ድምፅ ማንም ጋዝ ሳይሰጠው ከፍ አለ። ወደ ውስጥ የተሳበው ልባስ የጋዙን ሽቦ ከማቀፊያው ብረት ጋር ቆንጥጦት ነበር። ሰውዬው ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ሁኔታ መንገድ ላይ መዞሩን ሳስብ እጄ ቀዘቀዘ።

ልባሱን በሙሉ አወረድነው። ለጠፉት ሦስት ስፔሰሮች ከ8 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ቱቦ ቆርጬ፣ ውስጡን በ6.5 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ አሰፋሁና ጫፉን በሞረድ እያስተካከልኩ ካሊፐሩ 8 እስኪል ድረስ ሞረድኩ። ከብሎኑ ራስ ሥር ሰፊ ሮንዴላ አንድ አንድ አደረግሁ፤ ለሮንዴላ ተገቢው ቦታ እዚያ ነው። በሁለት ቦታ የፕላስቲኩ ቀዳዳ ከብረቱ ቀዳዳ ጋር አልገጠመም፤ እንደ በፊቱ ጎትቼ ከማስገደድ ይልቅ ቀዳዳውን በክብ ሞረድ አሰፋሁት። የብሎኖቹንም ርዝመት አንድ በአንድ አየሁ፤ የተለመደው 6 ሚሊሜትር ብሎን በአንድ ዙር አንድ ሚሊሜትር ስለሚገባ፣ በእጅ ሲገባ ዙሩን በመቁጠር ምን ያህል እንደያዘ ይታወቃል። ከስድስት ዙር በታች የያዘውን ቀየርኩ፤ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን አንዱን ረጅም ብሎንም በአጭር ተካሁ።

ከዚያ ሁሉንም ብሎኖች በጣት ብቻ አስያዝኩ። አንዱም ሳይጠብቅ ልባሱ በራሱ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ግራና ቀኙን አስተያየሁና ከፊት ወደ ኋላ ተራ በተራ አጠበቅኩ። ማኑብሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ ጥግ አዞርነው፤ የኢንጅኑ ድምፅ አልተለወጠም።

ስንጥቆቹን ከውስጥ በኩል፣ በአሴቶን ያሟሟነውን የዚያኑ ፕላስቲክ ቁርጥራጭ እየቀባሁ ደፈንኳቸው። ከውጭ በብርሃን ለሚፈልጋቸው አሁንም ይታያሉ። ደንበኛው የሆነውን ሁሉ ከእኔው አፍ ሰማ፤ ገንዘብ አልተቀበልነውም። ጋሼ በሥራ ማዘዣው ግርጌ በእጄ እንድጽፍ ያደረጉኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ጎሚኒ ስምንት፣ ስፔሰር ስምንት፣ ተቆጥሯል።»